አበባው ሲደርስ ፍልሰታ ነበር

ጋሼ በጡረታ የተሸኙ ቀን አንዱ ተናጋሪ ተነስቶ «ለቤተሰባቸውና ለእምነታቸው የተሰጡ ሳይንቲስት» አላቸው። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ግን ያቺ አባባል እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። አንድ ሰው ለሦስት ነገር እንዴት አድርጎ ነው የሚሰጠው? ቀኑ ያው አንድ ነው። አንዱ ሲወስድ ሌላው ይጎድልበታል። የጎደለውንስ ማን ይሞላል?

መልሱን በከፊል አውቀዋለሁ። አዳማ፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ለዓመታት ኖሬአለሁ። በሥራም የመስክ ረዳታቸው ነበርኩ። ጠዋት የሙከራ መደብ ላይ፣ ማታ በረንዳ ላይ አያቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ዕድል ለብዙ ሰው አይገጥምም። ስማቸውን አልጠራም፤ ቤተሰቡም እንዲያ ይሻላል ብሏል። እኔ ድሮም ጋሼ ነው የምላቸው፤ ባለቤታቸውን ደግሞ እትዬ። በዚያው ልቀጥል።

ሥራው

ጋሼ የቦሎቄ አዳቃይ ነበሩ። የሚሠሩት መልካሳ ነው፤ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ አዋሽ ወንዝ አጠገብ። የምርምር ማዕከሉ በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን የአገሪቱ የቦሎቄ ምርምር የሚቀናጀው ከዚያ ነው። ጠዋት ሰርቪስ ካመለጠን «ዴራ! ኢተያ! አሰላ!» እያለ የሚጮኸው ረዳት ጋ እንሮጣለን። ጋሼ ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ ይቀመጣሉ። በየመንገዱ ዳር ያለውን የገበሬ ማሳ ሳያዩ አያልፉም።

ቦሎቄ የእኛ አገር ተወላጅ አይደለችም። የመጣችው ከአሜሪካ አህጉር ነው። እዚያም ሁለት የትውልድ ቦታ አላት። አንዱ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ፣ ሌላው የአንዲስ ተራሮች። ደቃቅ ፍሬ ያላቸው በብዛት ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ ትልልቆቹ ከሁለተኛው። በስምጥ ሸለቆ በደንብ ተላምዳለች። ነጯ ደቃቋ ቦሎቄ ወደ ውጭ ትላካለች፤ አውሮፓ ውስጥ በቲማቲም ስጎ ተቀቅላ በቆርቆሮ የምትሸጠው እሷ ናት። አዳማ ያደገ ሰው መጋዘን ውስጥ ተደርድረው ቦሎቄ የሚለቅሙ ሴቶችን ያውቃል። የተሰበረ፣ የጠቆረ፣ ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ እየተለየ ይወጣል። ጋሼ እነሱን «ትክክለኛዎቹ ገምጋሚዎች» ይሏቸው ነበር።

ሜክሲካን 142፣ አዋሽ 1፣ አዋሽ መልካ፣ ናስር። የቦሎቄ ገበሬ እነዚህን ስሞች እንደ ዘመድ ይጠራቸዋል። ያወጣቸውን ሰው ግን ስም የሚጠራ የለም። ዝርያ የቡድን ሥራ ነው። ከውጭ የምርምር ተቋም የመጣ ዘር አለበት፣ የሞካሪዎች ድካም አለበት፣ የገበሬ ምርጫ አለበት። ጋሼ በዚህ ቅር ሲሰኙ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን እሰኝላቸው ነበር።

አሁን ወደ አበባው። ዋናው ነገር እሱ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ቦሎቄ አበባዋን ከመክፈቷ በፊት ራሷን በራሷ አዳቅላ የምትጨርስ ተክል ናት። ተከፍቶ ያማረውን አበባ ይዘህ ላዳቅል ብትል ዘግይተሃል፤ ጉዳዩ ውስጥ ለውስጥ አልቋል። መያዝ ያለበት ነገ የሚፈነዳው እምቡጥ ነው። በጣም ትንሹ ገና አልደረሰም። በጣም ወፍራሙ ደግሞ ራሱን ጨርሷል። መካከለኛውን በዓይን መለየት አለብህ። ከዚያ የእምቡጡን ቅጠል በወረንጦ ቀስ አድርገህ ገልጠህ፣ ውስጥ ያሉትን 10 የወንዴ ዘንጎች አንድ በአንድ ትነቅላለህ። ሴቴዋን ከነካህባት ትቆስላለች፤ እምቡጡ በማግስቱ ይረግፋል። ከአባትየው ተክል የፈነዳ አበባ ታመጣና ዱቄቱን ትቀባታለህ። መለያ ወረቀት (ታግ) ታስራለህ። ቀኑን ትጽፋለህ። ተክሉ አጭር ስለሆነ ይሄ ሁሉ የሚሠራው ተንበርክኮ ነው። እትዬ የጋሼን ሱሪ ጉልበት ሲጥፉ «ይሄ የቤተ ክርስቲያን ነው የመስክ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ሙቀትም ራሱን የቻለ ጠላት ነው። ቀኑ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍና ሌሊቱም ሳይቀዘቅዝ ሲቀር አበባው ይረግፋል። ስለዚህ ሥራው በማለዳ ነው፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ።

ከአንድ ማዳቀል ወደ አንድ ዝርያ ያለው መንገድ ረጅም ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል። በሁለተኛው ይበታተናል። ከዚያ ወዲያ ባህሪው እየረጋ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው፤ ያልረጋው ድርሻ በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል። 50፣ 25፣ 12.5 በመቶ እያለ በስድስተኛው ትውልድ 3 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ነው የምርት ሙከራው በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ዓመት የሚጀመረው። ከዚያ ገምጋሚ ኮሚቴ አለ። አሥር ዓመት ብትል አላጋነንክም። ይህን ያወቀ ሰው አንድ ቀን መስክ ላይ ሲዛነፍ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሁለቱ አቆጣጠሮች

በክረምት ቦሎቄ የሚዘራው ሰኔ መጨረሻ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። በአርባ ቀን ገደማ ያብባል። ቁጠሩት። ነሐሴ መግቢያ ላይ ይወድቃል፤ ፍልሰታ ማለት ነው።

በበጋ ደግሞ በአዋሽ ውሃ በመስኖ ይዘራል። ጥር ላይ ከተዘራ አበባው የሚደርሰው የካቲት መጨረሻ፣ መጋቢት አካባቢ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ነው። ጋሼ «ቦሎቄ ጾመኛ ናት» ይሉ ነበር። ሲሏት ይስቃሉ፤ ግን ቀልዱ አንጀታቸውን የሚበላ ነገር ነበረው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፍልሰታን ሱባኤ ገብተው ነው ያሳለፉት። ተመራማሪ ከሆኑ ወዲህ አሥራ አምስቱን ቀን ሙሉ አንድም ዓመት አልገቡም።

የመስክ ደብተራቸው ላይ ማንም የሌለው አንድ ዓምድ ነበር። ውጤት የሚመዘገበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እሳቸው ጎኑ ላይ የእኛን ይጽፋሉ፤ ከቀኑ አጠገብ ደግሞ «ሚካ»፣ «አቦ»፣ «ማር» እያሉ በእርሳስ ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ ለራሳቸው ጸሎት መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ። ገበሬ ማሳ ላይ ሙከራ ሲተከል መመሪያው «ከበቀለ በ25ኛው ቀን ይታረም» ይላል። 25ኛው ቀን ሚካኤል ላይ ከዋለ የሚያርም የለም። ገበሬው ያከብራል፤ አረሙ አያከብርም። ከዚያ ሙከራው ሲበላሽ «ገበሬው መመሪያ አልተከተለም» ተብሎ ይጻፋል። ጋሼ የመዝሪያውን ቀን የሚመርጡት የማረሚያው ቀን በዓል ላይ እንዳይወድቅ ወደ ኋላ ቆጥረው ነበር። ቦሰት ወረዳ ውስጥ ካሉት ገበሬዎች ሙስሊሞችም ስለነበሩ ዓርብ ቀትር ላይ ስብሰባ አይጠሩም። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ራሳቸው በዓል የሚያከብሩ ሰው ስለሆኑ ብቻ ታያቸው። እምነት ለሥራ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው እኔ የምነግረው ይህችን ዓምድ ነው።

እሑድስ? በአበባ ወቅት እሑድን መዝለል ከሰባት ቀን አንዱን ማጣት ነው። አንድ ጊዜ የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ። እኔም ነበርኩ፤ ቡና እየተጠጣ ነው። አባ የገበሬ ልጅ ናቸው። በወንጌል በሬው በሰንበት ጉድጓድ ቢገባበት የማያወጣ ማን ነው የሚለውን ይጠቅሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጠቀሱም። «አበባው በስንት ሰዓት ነው የሚፈነዳው?» አሉ።

«በጠዋት ነው አባ።»

«ነገ ጠዋት የሚፈነዳው ዛሬ ማታ የት ነው ያለው?»

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ለካስ ማለዳ የሚሠራው የግድ ስለሆነ ሳይሆን ስለለመድን ነው። ነገ የሚፈነዳው እምቡጥ ዛሬ ወደ ማታም ደርሷል፤ ፀሐዩም በርዷል። በሚቀጥለው ሳምንት ግማሹን በማለዳ፣ ግማሹን ከ11 ሰዓት በኋላ አዳቅለን የያዘውን ቆጠርን። የሚያስቆጭ ልዩነት አላየንም። ከዚያ ወዲያ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ማታ መስክ ሆነ። በፍልሰታ ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚገባ በአዘቦቱ ማለዳ መስክ፣ ከዚያ ሩጫ ወደ ከተማ። ሰዓታቱ ግን ቀረባቸው። ሌሊት ቆሞ ማለዳ መንበርከክን ወገባቸው እምቢ አለ።

ቤት

አራት ልጆች ናቸው። ሁሉም ፍልሰታን ይጾማሉ፤ ትንሹ ሳይቀር ቅዳሴ እስኪወጣ ይታገላል። ጋሼ ከመስክ ተመልሰው ነጠላቸውን አጣፍተው ልጆቹን አስከትለው ሲወጡ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። የሚያምር ነገር ነው። ሰፈሩ የማያየው ልጆቹን ያጠቡትን፣ ነጠላዎቹን ያጠቡትን፣ ማፍጠሪያውን አብስለው የሚጠብቁትን እትዬን ነው።

እትዬ አስተማሪ ነበሩ። በማታው ክፍለ ጊዜ ዲግሪ ለመማር ሁለት ጊዜ ተመዝግበው ሁለቴም አቋረጡ። አንዴ በእርግዝና፣ አንዴ ደግሞ ጋሼ መረጃ ለመሰብሰብ ከቤት ርቀው በከረሙበት ወቅት። የተማሩት የመጀመሪያዋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው። ጋሼም በበኩላቸው ውጭ አገር ለዶክትሬት የመጣላቸውን ዕድል መልሰዋል፤ ሦስተኛው ልጅ ጨቅላ ነበር። ሽኝቱ ላይ ይሄ ተነሳ፤ «ለቤተሰባቸው ሲሉ» ተባለ። ያን ማታ በረንዳ ላይ እትዬ «እኔ እኮ ሂድ ብዬው ነበር» አሉ። ጋሼ ዝም አሉ። እሳቸው ያሠለጠኗቸው ልጆች ዶክተር ሆነው አለቃቸው ሆነዋል። ምርጫው ዋጋ አስከፍሏል፤ ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ እሳቸው ብቻ አይደሉም።

እትዬ ለሥራውም ባለውለታ ናቸው። አንድ ቀን ከሦስት ዝርያ ንፍሮ ቀቅለው አቀረቡ። አንዱ ከሌሎቹ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው የበሰለው። ምርቱ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። እትዬ ምድጃውን እያሳዩ «ምርት ምርት ትላላችሁ፤ ከሰሉን የሚገዛው ማነው?» አሉ። ቦሎቄ በሞቃትና እርጥበት ባለው ቦታ ከቆየች የምትበስልበት ሰዓት እየረዘመ ይሄዳል። አዳማ ሙቀቱን ማንም አይነግራትም። ጋሼ ከዚያ ወዲያ ከገበሬ ማሳ ሲመለሱ ለሴቶቹ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ ስንት ሰዓት ፈጀብሽ? ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማደር ጊዜውን እንደሚቀንስም ሳይናገሩ አይመለሱም።

ያ ነሐሴ

ወደ ጉዳዩ መጣሁ። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ ክረምት ዝናቡ በመሀል ቆመ። ሙቀቱ በረታ። አበባው በሦስት ሳምንት ይወጣል ያልነው ባንዴ ተግተልትሎ መጣ። ከዚያ ዓመት ማዳቀሎች ጋሼ ከልባቸው የያዙት አንድ ነበር። እናቲቱ ነጭ አበባ፣ ነጭ ፍሬ፤ ለገበያ የምትመች ግን ለበሽታ የምትሸነፍ። አባትየው ሐምራዊ አበባ፣ ቀይ ፍሬ፤ ጠንካራ።

በፍልሰታ መካከል ማለዳ ስልክ ተደወለ። የእትዬ እናት አረፉ። ከአሰላ ወዲያ ገጠር ነው። ጋሼ አላመነቱም። ለሠልስት ሊቆዩ ከእትዬና ከሁለቱ መካከለኛ ወንዶች ልጆች ጋር ሄዱ። ልጅቷ ትንሹን ይዛ ቀረች፤ ያኔ 13 ዓመቷ ነው። ጋሼ መኪና ውስጥ ገብተው በመስኮት የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወፍራሙን አትንካ።»

እኔ ነካሁት። ሰበብ አላጣም። መደቡ ሰፊ ነው፣ ፀሐዩ ይጋረፋል፣ የደረሰው እምቡጥ ብዙ ነው። ወፍራሙ በቀላሉ ይከፈታል፤ ትንሹ ይቀደድብሃል። በታግ ቁጥር ላስደስታቸው ፈለግኩ። በሁለተኛው ቀን ልጅቷ ወንድሟን ይዛ አብራኝ መጣች። ጥላ ስር ተቀምጣ አየችኝና «አባዬ እንዲህ ትልቁን አይነካም» አለች። «ዛሬ ስለሞቀ ነው» አልኳት። የ13 ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች ብዬ። ጋሼ ሲመለሱ ታጉን አይተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ዘሩ ተሰብስቦ ጥር ላይ በመስኖ ተዘራ። አበባው ሁዳዴ ውስጥ ደረሰ። እዚህ ላይ ነው ተፈጥሮ የማትዋሽበት። ማዳቀሉ ከተሳካ ልጁ ከአባቱ ቀለም ይወስዳል፤ ሐምራዊነት ነጭነትን ይሸፍናል። ጋሼ ከመስመሩ ጫፍ ጀመሩ። ነጭ። ነጭ። ነጭ። አንድ ሐምራዊ። ነጭ። እናቲቱ ራሷን ነበር የወለደችው። አብዛኛው የእኔ ታግ ባዶ ነበር።

ተንበርክከው አንዱን አበባ ገለጥ አድርገው አዩና «ይሄ እናቱን ብቻ ነው የሚመስለው» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። ደብተራቸውን አውጥተው ያንን ቀን ፈለጉ። ምክንያት በሚለው ዓምድ የጻፉትን በኋላ ሰርቄ አየሁት። የኔን ስም ይጽፋሉ ብዬ ነበር። «ሠልስት ላይ ነበርኩ» ይላል።

በዓመቱ አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው። ለቅሶው በመሄድዎ ቆጭቶዎት ያውቃል?

«እማማ የሚሞቱት አንዴ ነው። ቦሎቄ ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ያብባል።»

ይሄን ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። ሰው ይወደዋል። አንድ ቀን እትዬ ፊት ሳወራው ግን ጀበናውን ይዘው ሳቁ። «ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጣቱን ሲቆጥር አይቼዋለሁ። ስንት ቀን እንደቀረው ነበር የሚቆጥረው። የኔን እናት ሞት አይደለም።» ጋሼ አልካዱም። አንገታቸውን ደፍተው ሲኒያቸውን አዞሩ።

ስለ እሳቸው ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥ የማምነው ይሄን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ተገኝተዋል። ከዚያ በላይ ልባቸው ሁሉ እዚያ ነበር ብሎ መመስከር አልችልም። መስክ ላይም እያሉ ቅዳሴው እንዳያመልጣቸው ሰዓት ያያሉ። ሰው በሦስት ቦታ ሙሉ አይሆንም። ጋሼ ሙሉ ባይሆኑም አልቀሩም፤ እትዬ ደግሞ ያልሞላውን ቆጥረው ያውቁታል።

ከዚያ በኋላ

በሚቀጥለው ክረምት ማዳቀሉ እንደገና ተሠራ። ያን ጊዜ ጋሼ አጠገቤ ተንበርክከው እያንዳንዱን እምቡጥ አሳዩኝ። ነጭነቱን መልሶ ለማምጣት ልጁን ከእናቲቱ ጋር ደጋግሞ ማዳቀል ነበረበት፤ ሌላ ዓመታት። ከዚያ ውስጥ የወጣ አንድ መስመር እስከ አገር አቀፍ ሙከራ ደረሰ። ያኔ እሳቸው 60 ሞልቷቸው ወጥተዋል። መስመሩ ምርቱ ጥሩ ነበር፤ በሽታም ችሏል። ሲቀመጥ ግን ቀለሙ ወደ ክሬም ይለወጣል። ነጭ የሚሻ ገበያ አይወስደውም። ቀረ።

በስልክ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ለቃሚዎቹ ምን አሉ?» አሉኝ። ከሩቅ ይለዩታል አልኳቸው። «እንግዲያው ልክ ነው» አሉ። መስመሩ አሁንም በቀዝቃዛ ክፍል አለ፤ እንደ አባት ይፈለጋል።

ልጅቷ አሁን ባንክ ትሠራለች። ለቦሎቄ ምንም ፍቅር የላትም። እኔን ባገኘች ቁጥር ግን «ትልቁን ነክተሃል?» ትለኛለች።

ጋሼ አሁን ፍልሰታን ሙሉ ሱባኤ ይገባሉ፤ ሰዓታቱም አይቀራቸውም። ስልክ አያነሱም ይባላል። ባለፈው ነሐሴ መደብ ላይ እያለሁ ግን ራሳቸው ደወሉልኝ።

«ደረሰ እንዴ?»

«ገና ነው ጋሼ። ዝናቡ ዘግይቶ ነው የገባው። ሰኞ ማክሰኞ ይሆናል።»

ከኋላ የእትዬ ድምፅ ይሰማኛል። «ቅዳሴ ሊገባ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ስልኩን ዝጋ!»

«እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ» አሉ ወደዚያ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወፍራሙን አትንካ» አሉኝና ዘጉት።